በሠንጠረዡ ውስጥ ያለችው አንድ

ያቺ አንድ ቁጥር እኔ ነበርኩ። የአሳማ ጉንፋን ወሬ ኦስሎን ሊያምሳት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ቶየን አካባቢ በሚገኝ ባይዴል፣ የሰፈር አስተዳደር ማለት ነው፣ ጤና ክፍል ውስጥ በጊዜያዊ ጸሐፊነት እሠራ ነበር። የነዋሪውን በሽታ በየትውልድ አገሩ ከፋፍዬ ሠንጠረዥ ውስጥ አስገባለሁ፤ ሠንጠረዡ በራሪ ወረቀት ሆኖ በየጤና ጣቢያው ይቀመጣል። አንድ ቀን «ቲቢ» ከሚለው ሥር፣ ኢትዮጵያ መስመር ላይ፣ 1 የሚል ቁጥር መጣልኝ።

ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ተኝቼ ስወጣ ለሰፈሩ አበሻ ሁሉ «ጨጓራዬን ነው» ብዬ ነበር። መድኃኒቴን ጨርሼ ድኛለሁ። ግን ሳምባ ነቀርሳ ይዟት ነበር ከተባለ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ማን ይበላል? የእኛ ሰው ደግሞ ስም አያስፈልገውም፤ ማን መቼ ከሰው እንደጠፋ ያስታውሳል። ወረቀቱ ከሰዓት በኋላ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው።

አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። «ይህ ቁጥር መውጣት የለበትም» አልኳት።

«ስም እኮ የለበትም» አለች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ሳትነቅል።

«እዚህ ሰፈር አንድ ማለት ስም ነው!» ጮህኩ መሰለኝ። ቁጡ ነኝ፣ አልክድም።

«የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«የእኔ ነው።»

ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። ከእኔ የራቀችው ትንሽ ነው፣ ግን አየሁት። አፍራ ይሁን አዝና እንጃ፣ «ልክ ነሽ፤ ከአምስት በታች የሆነው ሁሉ መታየት አልነበረበትም። በነጥብ ተኪው» ብላ ማዮርስቱን የሚባል ሰፈር ወዳለባት ስብሰባ ሮጠች። ነጥቧን አስገብቼ ወረቀቱን ላክሁት። ያን ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ አባት በራሪውን ይዘው ቢሮ መጡ። እሳቸውም «ወገቤን» ብለው የበረዶውን ወራት ሙሉ አበሻ ከሚሰበሰብበት ካፌ ጠፍተው ነበር። ጣታቸውን ኤርትራ መስመር ላይ አሳረፉ። 1 ይላል። ከእኔ መስመር ቀጥሎ ነው።

«ትናንት ጓደኞቼ ብርጭቆ ለዩብኝ» አሉ። «ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«የእናንተ ጋ ነጥብ ነው። የእኛ ለምን ቁጥር ሆነ?»

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። እኔ ግን ለሌላው መቁረሱንም ረስቼዋለሁ። አፍሬ መሬት በዋጠኝ አልኩ፤ ከአፌ የወጣው ግን «የማተሚያ ቤቱ ስህተት ነው» የሚል ሆነ።

«ስህተትማ አይደለም» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «በሽታው የያዘው እኔን ነው።»

እኔንም ይዞኝ ነበር ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁ ሁለት አበሾች ቆመዋል። «ቀጣይ» አልኩ።