የዝንብ ለቃሚው ቀኝ እጅ

ሰሞኑን ላሊበላ ሱቄ ውስጥ የማር ቆርቆሮ እየወለወልሁ ሳለ፣ ጤና ኮሌጅ የምትማረው ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችው። «አባዬ፣ አንተ ሁልጊዜ የምታነሣው ሰውዬ ይኸ አይደለም?»

ፎቶው የሽማግሌ ነው። ከሥሩ ያሳተማቸው ጥናቶች ተደርድረዋል፤ በየጎናቸው ሌሎች ተመራማሪዎች ስንት ጊዜ እንደጠቀሷቸው ተጽፏል። እኔ የተማርሁት ገበያ ላይ ቢሆንም ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ማር ሻጭ ራሱን ቢያሞግስ ማን ይሰማዋል? ሌላው ነጋዴ «የእገሌን ማር ቅመሱ» ሲል ነው ስም የሚወጣው።

«ከሁሉ አብልጠው የጠቀሱት የትኛውን ነው?»

አሳየችኝ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ስለ ቁንጭር፣ ፊት ላይ ወጥቶ አፍንጫና ከንፈር ስለሚበላው ቁስል። ምላሴ ሳላዘው ወደ ጎደሉት ጥርሶቼ ቦታ ሄደ።

ሰውዬውን ባወቅሁት ጊዜ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነበር። ጨውና በርበሬ በአህያ ጭኜ ብልባላ ገበያ እመላለስ ነበር። ሰውዬው ዶክተር ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ቁንጭርን የምታስተላልፈው በገደል ስንጥቅ የምትኖር ኢምንት ዝንብ ናት ብሎ ያድናት ጀመር። የአገሩ ሰው ደግሞ ቁንጭር ከሌሊት ወፍ ነው ባይ ነውና፣ «ዝንብ ለቃሚው» የሚል ስም አወጣለት። እኔም ዝንብ የሚያባርር እንጂ ዝንብ ብሎ አገር የሚያቋርጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ያም ሆኖ አህያዬን ከነባለቤቷ ተከራየ።

ወረቀት የጉሎ ዘይት ቀብተን በየስንጥቁ እናንጠለጥላለን፤ ጠዋት የተጣበቀችውን ዝንብ በመርፌ ጫፍ አንሥቶ አልኮል ባለበት ብልቃጥ ይከታል። ፍልሰታ ነበርና፣ ከገደል ስንወርድ በዘጠኝ ሰዓት በሶአችንን በሚጥሚጣ እንበላለን። ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ማሳው ሁሉ የገብስ እሸት ሊይዝ ምንም አልቀረው።

ጾሙ ሊፈታ ሲል በረዶ ወረደ። ከገደሉ ሥር ያለውን ገብስ ሁሉ አነጠፈና የማዶውን ሳይነካ ተወው። በእኛ አገር በረዶ የሚመልስ ሰው አለ፤ የሚመልስ ካለ የሚጠራም አይጠፋም። ገደል ላይ ዘይት የጠጣ ወረቀት የሚያንጠለጥል እንግዳ ታዲያ ምን ሊባል ነው? ባላውቀው ኖሮ እኔም እጠረጥረው ነበር።

በማግሥቱ ስንወርድ መንገዱን ዘግተው ጠበቁን። ከፊት የቆመው አያ ጎበዜ ነው፤ ለዓመት ቀለቡ የሚሆን አንድ ዘለላ አልተረፈለትም።

«መተተኛ! ገብሴን መልስ!»

«ወንድሜ፣ ዝንብ ነው የምይዘው። ና ተመልከት» አለና ብልቃጦቹ ያሉበትን ሣጥን ከፈተ።

ምነው ባልከፈተ! አንዱ አጎንብሶ አየና፣ «አጋንንቱን በጠርሙስ አሥሯቸዋል!» ብሎ ጮኸ።

«አያ ጎበዜ፣ በሕግ አምላክ!» ስል ዱላ አፌ ላይ አረፈ። ጥርሴን ከነደሜ ዋጥሁት። አህያዬን ግንባሯን በድንጋይ ብለው ከነጭነቷ ገደል ሰደዷት፤ ከታች የመጣው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሰውዬውን ራስ ድንጋይ ፈለጠውና ደም ዓይኑን ሞላው። ሰው ሲደበደብ ራሱን ይከልላል። እሱ ግን ሣጥኑን ዘግቶ ላዩ ላይ ተደፋ።

«ይልቀቁት ዶክተር! ይገድሉዎታል!»

«የክረምቱ ልፋት ነው!» አለኝ ከጭቃው ውስጥ።

አያ ጎበዜ ሊያስለቅቀው የቀኝ እጁን ጣቶች በዱላው ወቀጣቸው። አጥንት ሲሰበር ድምፁ የጭራሮ ነው። ጣቶቹ ተሰባብረውም አልላላም። አንዱ ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጁ ተሸክሞ ወደ ራሱ ሲጠጋ፣ ጩኸቱን የሰሙት የደብሩ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ገቡ።

«ገዝቻለሁ! ከእንግዲህ እጁን ያነሣ ደጀ ሰላሙን እንዳይረግጥ!»

ድንጋዩ ተጣለ፤ ዱላዎቹም ወረዱ። የአያ ጎበዜ ዱላ ግን ግዝቱ ሲነገር አየር ላይ ነበርና እዚያው ቀረ። ቆይቶ ከእጁ ወደቀ። «አባቴ፣ ገብሴ...» ብሎ ተንሰቀሰቀ። እኔ ደሙን እየተፋሁ አየሁት። ዝንብ ለቃሚውን በቃሬዛ ላሊበላ አደረስነው፤ ሣጥኑን ያዘልሁት እኔ ነኝ። አንድም ብልቃጥ አልተሰበረም።

ከአያ ጎበዜ ጋር በሽምግልና ታረቅን፤ አህያም ተካልኝ። ዛሬ ዝንቧ እንዳትነድፋቸው ብሎ የልጅ ልጆቹ ገደሉ ሥር እንዳያመሹ ከማንም በላይ የሚቆጣው እሱ ነው። ልጄ ፎቶውን ባሳየችኝ ዕለትም ጨው ሊገዛ መጣ።

«ያ ሰውዬ ነው» አልሁት። «የዓለም ሐኪም ሁሉ ስሙን እየጠራ ይጽፋል።»

«የእኔስ ስም አለበት?»

«የለም፤ ዕድለኛ ነህ።»

ሣቀ። ስልኩን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋው ግን ሣቁ ቆመ። ፎቶው ላይ ጠረጴዛ የተደገፈው እጅ ጣቶቹ በየአቅጣጫው ተጣመዋል።

«የሚጽፍበት ነው?»

«ቀኙ ነዋ።»

ልጄ ዝርዝሩን ወደ ታች ትስበው ጀመር። ይሳባል፣ አያልቅም። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሰው የሚያየው ሱቅ የደረሰውን ዕቃ እንጂ የመጣበትን መንገድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚጠቅሱትም ሁሉ ያንን ገደል አያውቁትም። የምናውቀው እዚያች ሱቅ ውስጥ የቆምነው ነን።

አያ ጎበዜ የልጄን ጣት በዓይኑ ሲከተል ቆየ።

«ይኸን ሁሉ በዚያ እጅ?» አለ። ጨዉን ሳይዝ ወጣ።