ጥሩዬ በጆሮዋ የለካችው መድኃኒት

ጥሩዬ የሠራችውን የሸክላ ድስት ከማቃጠያው አመድ ውስጥ በረጅም እንጨት ታወጣለች። እስኪበርድ ትጠብቃለች። በደረቅ የኮባ ቅጠል ትጠርገዋለች፣ ግራ መዳፏ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ የቀኝ ጣቷን አጥፋ በአንጓው ሆዱን መታ ታደርጋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ለገበያ ነው። ድምፁ ከታፈነ ግን ዓይን ያላየው ስንጥቅ አለው፤ ይጣላል። ሻንቶ ገበያ፣ ሸክላ ተራ ላይ ሠላሳ ዓመት ስትሸጥ በዚህ ተሳስታ አታውቅም።

አሁን በአንዱ ድስትና በሌላው መካከል ታርፋለች። ትንፋሿ አጥሯል። ጎረቤት አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ አንዱ አስም፣ አንዱ ቲቢ። አክታዋ ተመረመረ፤ ቲቢ አይደለም። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ሶዶ ሆስፒታል የመረመረቻት ነርስ ሲስተር ህብረት፣ "ሸክላ የሚያቃጥሉበት ጭስ ነው እናቴ" አለቻት። "የአየር ቧንቧዎን ቀስ በቀስ አጥብቦታል። አይድንም፣ ግን ይያዛል።"

"ጭሱ እኮ ደጅ ነው። ሰማይ ይወስደው የለ?"

"እርስዎ ድርሻዎን ከወሰዱ በኋላ።"

በትንሽ ጣሳ ያለ፣ ሲጫኑት የሚረጭ፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠቻት፤ ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ። ይህ ከመስቀል በፊት ነበር። አንድ ወር ተኩል ጥሩ ሄደ። ከዚያ ደረቷ እንደገና ታፈነ። ጥሩዬ ጣሳውን ወዘወዘች፣ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ተጫነችው። ፍስስ አለ። ስለዚህ ደህና ነው። ታዲያ ምን ሆነ?

"ለምደሽው ይሆናላ" አላት ባሏ ጩማ። "እኔንስ ለምደሽኝ ነው የማትሰሚኝ።"

ሁለቱን ሦስት፣ ሦስቱን አምስት አደረገች። የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ ሸክላ በምታቃጥልበት ቀን ከንፈሯ ጠቆረ፤ መናገር አቃታት። ጩማ በባጃጅ ሶዶ አደረሳት። ኦክስጅን ተደረገላት።

በማግስቱ ሲስተር ህብረት ጣሳውን አገላብጣ አየችው። "ሁለት መቶ ርጭት ነው የሚይዘው። በቀን አራት ከሆነ ሃምሳ ቀን። ካለቀ ወር አልፎታል።"

"ይጮሃል እኮ።"

"የሚጮኸው መድኃኒቱን የሚገፋው ጋዝ ነው። መድኃኒቱ ቀድሞ ያልቃል።"

 "የሚጮኸው ደህናው ነው" አለች ጥሩዬ። "የሚጮህ ነገር እንዴት ባዶ ይሆናል?"

"ጥሩዬ፣" አለ ጩማ፣ "ሙሉ ድስት አንኳኩተሽ ታውቂያለሽ? ስታንኳኪ የኖርሽው ባዶውን ነው።"

 

ዛሬ ከአዲሱ ጣሳ በሳበች ቁጥር፣ ሁለት መቶ መሙላቱን ለማወቅ ግድግዳው ላይ በከሰል ትጭራለች። አንዳንድ ጠዋት ግን ጭራ ይሁን ሳትጭር ይጠፋባታል፤ የትናንቱና የዛሬው ይደባለቃል። ማቃጠሉን ተዪ ተብላለች። አልተወችም፤ ነፋሱ ከጀርባዋ በሚመጣበት በኩል መቆም ብቻ ጀምራለች። ያ ይብቃ አይብቃ አታውቅም።

ይህን እንደምጽፍ ስነግራት አንድ ነገር ለእናንተ አደራ ብላኛለች፦ "ሲስተር እንዳለችው ጎኑ ላይ የቀረውን ቁጥር የሚያሳይ ጣሳ አለ። እኛ ጠይቀን አጣን። እናንተ ፋርማሲ ስትገቡ ጠይቁልኝ። ካገኛችሁ የቦታውን ስም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሻንቶ ሸክላ ተራ ላኩልኝ። ጥሩዬ ካላችሁ ያደርሱልኛል።"