ያየኝ ሰው

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ሻይ እየጠጣሁ ሳለ ሁለት የጸጥታ ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው አነሱኝ። ሻዩን አልጨረስኩትም። ደርግን ሸሽቼ በመተማ ከተሻገርኩ ገና አራት ወሬ ነበር። «የደርግ ሰላይ ነህ» አሉኝ።

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ወለሉ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የጠቆመብኝ እሱ መሆኑን ያወቅኩት በማግስቱ ነው። ነገሩ እስኪጣራ እሱንም አስረውታል።

የቋራ ሰው ነው፤ በሰሊጥ አጨዳ የሚያድር። ወንድሙን ካድሬዎች መተማ ላይ ወስደውበታል።

«የወሰደው አንተ ነህ» አለኝ። «በዓይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ።»

«ከየት ሆነህ?»

«ከኋላ። መኪና ላይ ስትጭነው። ካኪ ኮት ለብሰህ ነበር። ገበያ ላይ በካኪ ሳይህ ልቤ ቀጥ አለ።»

«ፊቴንስ አይተኸዋል?»

ፊቱን መልሶ ወደ ግድግዳው አዞረ።

አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። ድንበር ላይ ለደርግ ካስረከቡኝ አለቀልኝ። ነገር ግን ጎንደር ባዮሎጂ አስተምር ነበርና ከማውቀው ጀመርኩ።

«ዓይን የሚያመጣው ብርሃንና ቅርጽ ነው። ይሄ እከሌ ነው የሚለው አእምሮ ነው። የጎደለውንም ከሚያውቀው ይሞላዋል። ከሚፈራው ጭምር።»

«አብደሃል ልትለኝ ነው?»

«የለም። የሁላችንም እንዲሁ ነው።»

ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው ቀዳዳ ውጭውን ሲያይ ቆየና «ዘበኛው አጥሩ ጋ ቆሟል፤ ውሃ ጠይቀው» አለኝ። አረብኛ የተሻለ የምችል እኔ ነበርኩ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ትከሻው፣ ክንዱ፣ ሁሉም ነገሩ ዘበኛው ነው። ጠራሁት። አልመለሰም። ደግሜ ጠራሁት። ነፋስ ሲመጣ ክንዱ ወደ ላይ ተነሳ፤ ከታች እግር የለውም። ገመድ ላይ የተሰጣ ጀለቢያ ነበር።

ሰውየው ገፋ አድርጎኝ በቀዳዳው ደግሞ አየ።

«አንተም እኮ ጠራኸው» አለኝ።

«ጠራሁት።»

በነጋታው ጠዋት የሸሚዙን አቧራ አራገፈ፣ እስከ አንገቱ ቆለፈው፣ በሩን አንኳኳ። ዘበኛው ሲከፍት በተሰባበረ አረብኛ «ፊቱን አላየሁም» አለው።

«ዋሽተህ ከሆነ አንተ ትቆያለህ» አለው ዘበኛው።

«እቆያለሁ።»

እኔን በሦስተኛው ቀን ለቀቁኝ። እሱ ሁለት ሳምንት ቆየ። በየቀኑ ፉልና ዳቦ እስከ በሩ አደርስለት ነበር። ሲፈታ አብረን አጨዳ ወረድን። ወንድሙም ከዓመት በኋላ አምልጦ በገላባት በኩል መጣ፤ ከስቷል፣ ግን በእግሩ ነው የመጣው።

ከዚያ ወዲህ ያየውንም ያላየውንም የሚመሰክር ብዙ ሰው ሰምቻለሁ። አላየሁም ለማለት የእስር ቤት በር ያንኳኳ ሰው ግን እሱን ብቻ ነው የማውቀው።