የመስመር ዳኛው ሚስት

በጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ፣ «እዚህ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው» ከሚለው ማስታወቂያ ጎን አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ቢጫ ማሊያ የለበሱ ልጃገረዶች ክንዳቸውን አጣጥፈው ተደርድረዋል። ከመሃላቸው ፎቶ አንሺውን ልትማታው ምንም ያልቀራት የምትመስለው የላብራቶሪው ባለሙያ ናት። ያኔ መድፍ ይሏት ነበር፤ ዛሬም መድፍ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል፣ ጡረታዋም ደጅ ደርሷል። በኮሌጅ የወጣላት ስም ግን ፍንክች አላለም።

መድፍ ያሰኛት የመረብ ኳስ ሰርቯ ጉልበት ነው። የመታችውን ኳስ የተቀበለች ልጅ በማግስቱ እስክሪብቶ መያዝ ያቅታታል ይባል ነበር። ይህን የሚለው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን እሷ ራሷ መሆኗን ይደርስበታል።

ሰው በተማረበት ቤት መኩራቱ ያለ ነው። የመድፍ ኩራት ግን ልክ አልነበረውም። ወደ ጤና ጣቢያው አዲስ ሐኪም ሲመጣ፣ ስሙን እንኳ ሳትሰማ የት እንደተማረ ትጠይቀዋለች። «ጤና ኮሌጅ» ካለ የእሷ ልጅ ነው፤ ቢያጠፋም «ይማራል፣ ገና ነው» ትላለች። ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ባያጠፋም ማጥፋቱ እንደማይቀር ታውቃለችና በዓይኗ ትከታተለዋለች። በየዓመቱ የቀድሞ ተማሪዎች ቀን ሲደርስ ያቺን ማሊያ ከሻንጣ አውጥታ ትለብሳለች። ማሊያዋ ያው ናት፤ የሞላችው እሷ ናት።

ይህች ሴት ታዲያ ያገባችው የኮንስትራክሽን ኮሌጅ ልጅ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት፣ በሴቶች መረብ ኳስ ፍጻሜ፣ ሁለቱ ኮሌጆች ተገናኙ። ጤና ኮሌጅ ዋንጫውን ለመውሰድ አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረችው፤ ሰርቩም የመድፍ ነበር። መታችው። ኳሷ መረቡን ተሻግራ፣ ተቀባዮቹን አልፋ፣ ከኋላ መስመሩ ጥግ አረፈች። ቢጫ ለባሾቹ እየጮኹ ተቃቀፉ። በዚያ ጥግ የቆመው የመስመር ዳኛ ግን፣ ዳኛ ሲጠፋ ከተመልካች መሃል ተጎትቶ የመጣ፣ ያውም የኮንስትራክሽን ኮሌጅ ተማሪ የሆነ ቀጭን ልጅ ነበር። በእጁ ያለችውን ባንዲራ ቀስ ብሎ ወደ ላይ አነሳት። ወጥታለች ማለቱ ነው። ሰርቩ ለተቃራኒ ቡድን ተላለፈ፤ የጤና ኮሌጅ ልጆች በንዴት እጅና እግራቸው ተሳሰረ፣ ዋንጫውም ሄደ።

መድፍ ጨዋታው እንዳለቀ በቀጥታ ወደ ቀጭኑ ልጅ መጣች።

«ዓይንህን ታመህ ታውቃለህ?» አለችው።

«አላውቅም።»

በማግስቱ እጁን ይዛ ኮሌጇ ውስጥ ወዳለው የዓይን ክሊኒክ ወሰደችው። ልጁ በግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ሁሉ፣ የመጨረሻዋን ትንኝ የምታክል ረድፍ ሳይቀር፣ ሳይንተባተብ አነበበላት። «እንግዲያው የታመመው ህሊናህ ነው» ብላው ሄደች። ህሊናውን መመርመር ግን በአንድ ቀን የሚሆን አልነበረም፤ ስትመላለስ ስትመላለስ በመጨረሻ አገባችው።

ልጁ ተመርቆ ቀያሽ ሆነ፤ መሬት እየለካ ድንበር ማስመር ሆነ ሥራው። ለመድፍ ይህ የባሰ አበሳ ነበር። «የከተማውን ግማሽ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። መስመር ምን እንደሆነ ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» ይላታል። እሷም አትተኛለትም፤ «በዓይን የማይታየውን ተባይ ለይቼ የምናገር ሴት፣ ሐብሐብ የሚያክል ኳስ የት እንዳረፈ ይጠፋኛል?» ትለዋለች። መንገድ ላይ ጉድጓድ ቢያንገጫግጫቸው «የናንተ ልጆች ሥራ» ትላለች። መርፌ ቢያመው «የናንተ ልጅ ወጋችኝ» ይላል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እነዚህ የተቀዱት ከአንድ ሙግት ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ የሆነችው ልጃቸው እንኳ ከሁለቱም ሸሽታ ሌላ ኮሌጅ ነው የተማረችው። «እኔ ገለልተኛ አገር ነኝ» ትላለች። አንድ ቀን እራት ላይ ልታስታርቃቸው ፈልጋ፣ «አባዬ እኮ ኳሷን አላያትም። ያይ የነበረው እማዬን ነው» አለች። ሁለቱም ባንድ አፍ ተነሱባት። እሱ ዳኝነቱ ስለተደፈረ ተቆጣ። እሷም ነገሩ በዚህ ካለቀ ስትሟገት የኖረችው ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነውና የባሰ ተቆጣች። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ሽምግልናዋን እርግፍ አድርጋ ተወች።

ባለፈው ወር ቀያሹ የኮሪደሩን አምፖል ሊቀይር ወንበር ላይ ወጥቶ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። አምቡላንስ ውስጥ ሆኖ «ወንበሩ ከመስመር ወጥቶ ነበር» አላት። እሷም «አንተ ካልክ ገብቶ ነበር ማለት ነው» አለችው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ሐኪሙ ግን መድፍን ወደ ኮሪደር አወጣትና፣ «አጥንቱ ተጠግኗል፤ የቀረው መነሳት ነው» አላት። «ቶሎ ተነስተው ካልተራመዱ ግን ሳንባቸው ይጎዳል፣ ጡንቻቸውም ይሟሽሻል። በዚህ ዕድሜ ተኝቶ የከረመ ሰው ተመልሶ ለመነሳት ይከብደዋል። የሚያሰጋኝ ካልተነሱ ብቻ ነው።» መድፍ ሐኪሙን የት እንደተማረ መጠየቅ የረሳችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤት ከገቡ በኋላ ፊዚዮቴራፒስቷ መጣች። ገና ወጣት ናት፤ ባለአራት እግር መደገፊያ አምጥታ «አባባ፣ ቀስ ብለን» አለችው። ቀያሹ ተነሳ፣ አንድ እግሩን ሲያነሳ ጉልበቱ ከዳውና ልጅቷ ላይ ተደገፈ። አልወደቀም፤ ግን ፈራ። በማግስቱ ስትመጣ «ነገ» አላት። በነጋታውም «ነገ» አለ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ጀመር።

መድፍ መላው ሲጠፋት የማታውቀውን ሥራ ጀመረች፤ ለስላሳ ሆነች። ሾርባ በማንኪያ ታጎርሰዋለች። ትራሱን በየሰዓቱ ታገላብጣለች። «የኔ ጌታ» ትለዋለች። ይህች ቃል ከአፏ ስትወጣ ለራሷም ጆሮ እንግዳ ነበረች። የቀድሞ ቡድናቸው አምበል ስለ ተማሪዎች ቀን ስትደውልላት «ዘንድሮ አልመጣም» አለች፤ ቀያሹም ከአልጋው ሆኖ ሰማ። አንድ ቀን ቴሌቪዥን ላይ መረብ ኳስ ሲያዩ ኳሷ መስመር አጠገብ አረፈች። «ወጥታለች» አለና በዓይኑ ጫፍ አያት። «አዎ የኔ ጌታ፣ ወጥታለች» አለችው። ቀያሹ ጨዋታው ሳያልቅ «አጥፊው» አላት።

በመጨረሻ ያላትን ሁሉ ልትሰጠው ወሰነች። አንድ ከሰዓት በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ እጁን ያዘችው።

«አንድ ነገር ልንገርህ። ያቺ ኳስ... ወጥታ ነበር። አንተ ነበርክ ልክ።»

በደስታ ይዘላል ብላ ነበር። ቀያሹ ግን ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?» አላት።

«ምን ይለኛል? ምንም።»

«ኮሪደር አውጥቶሽ ነበር። አይቻለሁ። ስንት ጊዜ ቀረው አለሽ?»

«ኧረ ምን ሆነሃል? ተነስ ነው ያለው!»

«ዕድሜ ልክሽን ያላመንሽ ሴት ዛሬ በባዶ ሜዳ አታምኚም። በይ ልጄን ጥሪልኝ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ብትምል ብትገዘት አልሰማት አለ። ሾርባውን መለሰው። ልጅቷ በማግስቱ ከሥራ ወጥታ ስትመጣ አባቷ የመለኪያ ሜትሩንና የቅየሳ መሣሪያ ማቆሚያውን ለማን እንደሚተው ይነግራት ጀመር። ክፍሉን ዘግታ ወጣች።

«እማዬ፣ አባዬን ምን አደረግሽው?»

«አመንኩለት።»

«ምኑን?»

«ወጥታለች አልኩት።»

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እናቷን ለአፍታ አየቻት፣ ከዚያ ግንባሯን ዳበሰቻት። «አንቺስ ደህና ነሽ?» አለቻት። «እኔንም እኮ አስደነገጥሽኝ። እማዬ፣ እሱ የሚያውቀው የምትጨቃጨቀውን ሴት ነው። ይቺ ሾርባ የምታጎርሰው ማን እንደሆነች አያውቃትም። ሂጂና ያቺን አምጪለት።»

መድፍ ገባች። «ስማ፣ ውሸቴን ነው። ገብታለች!» አለችው። ድምፅዋ ግን ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚለው ያ ድምፅ አልነበረም፤ ይንቀጠቀጣል። ቀያሹም ልታጽናናው የምትጥር መሰለውና በርኅራኄ አያት።

«ተይው በቃ» አላት ቀስ ብሎ። «ምን ያደርጋል? እኔም እኮ ሳስበው... ገብታ ይሆናል።»

መድፍ ይህን ቃል በሕልሟ ስንቴ ሰምታዋለች! አንድ ቀን ሲለኝ በጭብጨባ ሰፈሩን እጠራለሁ ስትል ኖራለች። አሁን አላት። ይኸው ዋንጫው በእጇ ገባ፤ ቤቱ ውስጥ ግን «የለም» የሚላት ሰው ሊጠፋ ነው። እውነት ይዛ ብቻዋን ከመቅረት ተሸንፋ ከእሱ ጋር መኖር እንደሚሻላት ያን ጊዜ አወቀች። ማወቋ ደግሞ አናደዳት። ይህኛው ንዴት የምር ነበር።

«ምን አልክ? ገብታ ይሆናል? ይሆናል ብሎ ዳኛ አለ? ዋንጫዬን የበላኸኝ በይሆናል ነው? ይኼን ሁሉ ዓመት ያንገበገብከኝ በይሆናል ነው? አንተ ዓይነ ስውር! ልትሞት ከሆነ ባንዲራህን አንስተህ ሙት! እኔ ምሕረት ጠይቄሃለሁ?»

ቀያሹ ዓይኑ ፈጠጠ። ይህቺን ያውቃታል። የሚሞት ሰው ላይ እንዲህ አይጮህም።

«አንቺ» አላት በክርኑ ብድግ ብሎ፣ «ትናንት ወጥታለች ብለሽ አልነበር?»

«ዋሸሁህ! እንድትነሳልኝ ነዋ!»

«ለታመመ ሰው ትዋሻለሽ?»

«ለማይነሳ ሰው እዋሻለሁ!»

ከሳህኑ ላይ ብርቱካን አነሳች። ወለሉ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ሁለት ሰድሮች ከሚጋጠሙበት መስመር ወዲህ ጠብ አደረገችው። «መስመሩ ይኸውልህ። ኳሷ ያረፈችው እዚህ ነው። ገብታለች።»

«እዚያ አይደለም።»

«እዚሁ ነው።»

«ወደዚያ ነው! አንድ ጣት የሚያህል ወደዚያ ግፊው።»

«እኔ አልነካውም። ከፈለግክ መጥተህ ግፋው።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል። ቀያሹ እግሩን ከአልጋው አወረደ። መደገፊያውን ጨበጠ። ፊቱ በላብ ታጠበ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ የጤና ኮሌጅን ከነመሠረቱ ረገመ፤ ተነሳ። መድፍ ከኋላው ጉልበቷን ሰበር አድርጋ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ ኳስ እንደሚቀበል ሰው ተከተለችው። ልትይዘው ምንም አልቀራት፤ ግን አልነካችውም። አንድ እርምጃ፣ ቆም። ሌላ እርምጃ፣ ቆም። ብርቱካኗ ዘንድ ሲደርስ ማጎንበስ ስላልቻለ በመደገፊያው እግር ገፍቶ ከመስመሩ ወዲያ አሳለፋት።

«ይኸው!» አላት እያለከለከ። «ወጥታለች!»

መድፍ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንባዋን ካየ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠረጥራል። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ «ዕውር» አለችው። በሩ ላይ የቆመችው ልጃቸው ወንበር አቀረበችለት፣ ተቀመጠ፣ ሾርባም ጠየቀ። በገዛ እጁ እየጠጣ፣ ጨው አነሰው አለ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቀያሹ አልጋው ላይ ጋዜጣ ሲያነብ፣ መድፍ ብርቱካኗን ይዛ ሹልክ ብላ ወጣች። ኮሪደሩን ይዛ እስከ ወጥ ቤቱ በር ድረስ ሄደች። ለአፍታ ቆም ብላ መንገዱን በዓይኗ ለካችው፤ ለሁለተኛ ቀን በዝቶ እንደሆነ ብላ ትንሽ መለስ አለች። ከዚያም አንድ ጥሩ መስመር መርጣ ብርቱካኗን ከወዲህ አስቀመጠችና ባለ በሌለ ድምፅዋ ጮኸች።

«ገብታለች!»

ከመኝታ ቤት ጋዜጣው ሲወረወር ተሰማ። ከዚያ አልጋው ሲጢጥ አለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቆይ መጣሁልሽ!»

መድፍ እጇን አጣጥፋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።