ጌታሰውና የጉሬዛዋ ዓይን

በማታ ትምህርታችን ስለምታውቁት ሰው ጻፉ ተባልን። እኔ ሰው ፊት ቀና ብዬ ስለማላይ፣ ደህና አድርጌ ያየሁት ባሌን ብቻ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው፤ ስህተት ካለበት ይቅር በሉኝ።

ባሌ ጌታሰው ይባላል። ደብረ ማርቆስ ፎቶ ቤት አለን። ለጉርድ ፎቶ የሚመጣውን ሁሉ «ቀና በል፣ ዓይንህን ግለጥ፣ እንዲያ!» እያለ ሃያ ዓመት አንስቷል። ከደጀን እስከ ደምበጫ ስንቱን ሠርግ አነሳ። ልቡ ያለው ግን ጉሬዛ ላይ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ደብራችን ደን ውስጥ ጉሬዛዎች ይኖራሉ። ሰኞ ሰኞ እየሄደ ያነሳቸዋል። የሚገዛው የለም፤ እሱም ግዙኝ አይልም።

ካቻምና ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ሐኪሙ «የዓይን ግፊት ነው። የሄደው አይመለስም፤ ግራውን በጠብታ እናቆየዋለን» አለው። ግራውም ቢሆን በሸምበቆ ቀዳዳ እንደማየት ነው አለኝ። ለሌላ ሰው አልተናገረም። እኔ ፎቶ ቆራጭ ነኝና ምን ያህል እንደከፋ ያወቅሁት ከሥራው ነው። አንዲት ሙሽራ ፊቷ ደብዝዞ ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ጠርቶ መጣ። ዝም ብዬ ቆረጥኩት። ከዚያ ሌላ ሙሽራም እንዲሁ ሆነች።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ የሺዋስ ያገለገለ ካሜራ ላከለት። ዓይን ፈልጎ የሚያገኝ ካሜራ ነው። ከኋላው ያለው መስታወት ላይ ትንሽ ሳጥን ትመጣና የሰው ዓይን ስታገኝ እዚያው ትለጠፋለች። አረንጓዴ ስትሆን ጠርቷል ማለት ነው። ጌታሰው ግን ሳጥኗን አያያትም። ከሉማሜ ለሠርግ ሲደውሉለት «አስቤ ልንገራችሁ» እያለ ቀን ይገፋ ጀመር።

በዚህ መሀል አንዷ ጉሬዛ ወለደች። የጉሬዛ ልጅ ስትወለድ ነጭ ናት፤ ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላት መልኳ ይለወጣል። ጥቁር እናት ነጭ ልጅ ታቅፋ ጥርት ያለ ፎቶ አግኝቶ አያውቅም። «ይችን ካላገኘሁ ካሜራዬን እሰቅላለሁ። ለሉማሜዎቹም አልችልም እላለሁ» አለኝ። ከአፉ የወጣ ቃል እንደማይመለስ ስለማውቅ ፈራሁ።

ድንጋይ ያደናቅፈው ስለጀመረ የዚያን ሰኞ አብሬው ሄድኩ። መሪጌታ ደመላሽ፣ የደብሩ ሰው ናቸው፣ ዛፉ ሥር ቆመው ነበር። ጌታሰው ወደ ላይ አነጣጥሮ አነሳ። አነሳ። ተቀብዬ ባየው መሪጌታ የግንባራቸው መስመር ሳይቀር ቁልጭ ብለው ወጥተዋል፤ ጉሬዛዋ ከበላያቸው ጭስ መስላለች።

«እሷን ፈልገህ እኔን አገኘህ?» አሉ መሪጌታ።

«ካሜራው ነው መሪጌታ።»

«አይፈረድበትም። ጢማችን አንድ ነው።»

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ቤት ገብተን ካሜራውን ስወለውል የነካሁት ነገር አለ መሰል፣ መስታወቱ ላይ ሥዕሎች ተደረደሩ። አጠገባቸው ያለው እንግሊዝኛ ለእኔ ጭረት ነው። ሥዕል ግን ሥዕል ነው።

«ጌታሰው፣ ይኼ የሰው ራስ ላይ ነው ያለው።»

«እና ምን ላይ ይሁንልሽ?»

«ከጎኑ የውሻ ራስ አለ። ወፍም አለ።»

እስኪያስለው ሳቀ። «አየ ጌታሰው! ካሜራው የመጣ ዕለት ለሙሽራ ብዬ ሰው ላይ አድርጌ፣ በዚያው ጉሬዛ ስፈልግ! መሪጌታን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ወደ ውሻው ውሰጂው፣ የብርጓል።»

በሚቀጥለው ሰኞ በጠዋት ተቀመጥን። ብርድ ስለሆነ ጉሬዛዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ጫፍ ላይ ወጡ። እሱ ካሜራውን ያዘ፤ እኔ ከኋላ መስታወቱን አያለሁ። አሁን ሳጥኗ መሪጌታን አልፈለገችም። ግን ጥቁር ፊት ላይ ጥቁር ዓይን ይጠፋባታል። ወደ ልጅቱ ትዘላለች፣ ወደ ቅጠሉ ትዘላለች። እናቲቱ ድንገት ዞር ስትል ሳጥኗ አረንጓዴ ሆነችና «ያዘ!» ብዬ ጮህኩ። ጉሬዛዋ ልጇን እንዳቀፈች ዘላ ሌላ ዛፍ ገባች።

እንባዬ መጣ። በዕድሜዬ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ቢኖር እሱ ነው፣ እሱም አበላሸ።

«አታልቅሺ» አለኝ። እጄን ስቦ ትከሻው ላይ አኖረው። «አፍሽ ይረፍ። ሲይዝ ጫን አድርጊኝ፣ ሲለቅ አንሺ።»

ብዙ ጠበቅን። እግሬ ደነዘዘ። ተመልሳ መጥታ ጀርባዋን ሰጠችን። ከዚያ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ የጤፍ ፍሬ የምታህል ብርሃን ገባች። ሳጥኗም እዚያች ላይ ተለጠፈች። ጫን አደረግሁት። የካሜራውን ድምፅ አጥፍቶት ስለነበር ማንሳቱን ያወቅሁት ትከሻው ሲላላ ነው።

ፎቶውን ወደ ግራ ዓይኑ አስጠግቶ በዚያች ቀዳዳ ቀስ እያለ ዞረው፤ መጀመሪያ ልጅቱን፣ ከዚያ የእናቲቱን እጅ፣ ከዚያ ፊቷን።

«ሽፋሽፍቷ ይቆጠራል አይደል?»

«ይቆጠራል» አልኩት።

እዚያው ተቀምጦ ሉማሜ ደወለ። «እመጣለሁ። ዓይኔ ደክሟል፣ አልደብቃችሁም። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ታይልኛለች፤ ከተስማማችሁ እንመጣለን» አለ። ተስማሙ።

«ኧረ እኔ ሰው ፊት አልቆምም!» አልኩት ስልኩን ሲዘጋ።

«ማን ያይሻል? ሁሉም የሚያየው ሙሽራዋን ነው።»

ውሸቱን ነው። ሉማሜ ዳስ ውስጥ ከባሌ ኋላ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ ስቆም፣ የሙሽራዋ አክስት «እንዳይነጥቁሽ ነው እንዲህ የጨበጥሽው?» አሉኝና ዳሱ ሁሉ ሳቀ። አፈርኩ፣ ላብ በላብ ሆንኩ። ሙሽራዋ ግን ያኔ ዓይነ ርግቧን ገልጣ ቀና አለች፤ ሳጥኗም አረንጓዴ ሆነች። ጫን አደረግሁት።