የአጸደ ትንሿ ቢጫ የውሃ አበባ

መጀመሪያ ሥሩን ከሳፋው አውጥታ በንጹህ ውሃ ታጥበዋለች። የጠቆረውን ክፍል በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች፤ ከሰረጎደ በምላጭ ትቆርጠዋለች፤ እንደ ካሮት ጠንከር ካለ ጤነኛ ነው፣ ይቀራል። ከዚያ ቀዳዳ የበዛበት የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ የጆንያ ቁራጭ ታነጥፍና ከወንዝ ዳር ያመጣችውን ጭቃ ትሞላበታለች። ሥሩን ከቅርጫቱ ጠርዝ አስጠግታ ታጋድመዋለች፣ ጫፉን ወደ መሃል ታዞረዋለች። ቡቃያው ከጭቃው በላይ መታየት አለበት። «አፍንጫውን ደፍነሽው እንዴት ይተንፍስ?» ትላለች። ጭቃው ውሃውን እንዳያደፈርስ ከላይ ጠጠር ትበትናለች። በመጨረሻ ቅርጫቱን ቀስ ብላ ወደ ውሃ ታወርደዋለች፤ አረፋው ሳያቆም እጇን አትለቅም።

አጸደ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ፣ አስፋልት ዳር ችግኝ ትሸጣለች። ከሆሳዕና ወገን የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ «ለአንድ የቡና ወቅት ብቻ» ብላ ነበር። አጋሮ አካባቢ አንድ የቡና ማጠቢያ ውስጥ ስድስት ወቅት ሠራች። ውሃ በክንድና በስንዝር መለካትን እዚያ ተማረች። የቡና ገለፈት የገባበት ኩሬ በሦስተኛው ቀን ምን እንደሚሸትም እዚያ ነው ያወቀችው።

ትንሿን ቢጫ የውሃ አበባ ያገኘችው ከደንበኛዋ ከፀደንያ ነው። ፀደንያ የኮሌጅ መምህርት ነበረች፤ ወደ አገሯ ስትመለስ አበባዋን በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ትታላት ሄደች። አጸደ «እናቲቱ» ትላታለች፤ ለሽያጭ የምታቀርባቸው ትንንሽ ቢጫዎች ሁሉ ከእሷ የተከፈሉ ናቸው።

ባለፈው ሰኔ አቶ አኒስ መጡ። የቦሳ አዲስ ሰፈር ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ቡና ቀምሰው ደረጃ ሲያወጡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ቅጠሏ ትሪ የምታህለውን ሐምራዊ አበባ በጣታቸው አሳዩ።

«ያቺን ትልቋን ስጪኝ።»

«ገንዳዎ ምን ያህል ነው ጋሽ አኒስ?»

«ሰፊ ነው።»

«ሰፊ ልኬት አይደለም፤ በክንድ ይንገሩኝ።»

እጃቸውን ዘረጉ፤ ትንሽ አሰብ አድርገው መልሰው ሰበሰቡት። ሦስት ክንድ በሁለት ሆነ።

«ይቺ በሬ ናት፤ የእርስዎ የዶሮ ቤት ነው። በሦስት ወር ውሃውን በቅጠል ትከድንልዎትና ሰው ጎመን የተከሉ ይመስለዋል።»

«ማሎ፣ ኧረ እባክሽ! ኢሕሳን አበባ እንጂ ጎመን አላለችም።»

ወይዘሮ ኢሕሳን ባለቤታቸው ናቸው። ባልና ሚስት ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቦዬ ረግረግ ድረስ በእግር ሄደው ውሃው ላይ የተንሳፈፈውን አበባ ማየት ልማዳቸው ነበር። ወይዘሮዋ ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ግን ከግቢው በር አያልፉም። ገንዳው የተቆፈረው ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ነው።

«ፀሐይ ያገኛል?»

«አቮካዶው ጧት ይሸፍነዋል፤ ከሦስት ሰዓት እስከ አሥር ግን ግልጥ ነው።»

«ይበቃል። ፏፏቴ ነገር ካለው ግን ራቅ ያድርጉት፤ ቅጠሏ ላይ ሲንጠባጠብባት አትወድም።»

ለሽያጭ የቀረቻትን የመጨረሻዋን ትንሽ ቢጫ ተክላ ሰጠቻቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተደወለ፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፣ ውሃው ጠቁሯል። አጸደ በባጃጅ ደረሰች። ከበሩ ሳትገባ አፍንጫዋ ነገራት።

«ጋሽ አኒስ፣ ቡና ሰጧት አይደል?»

«ሁለት እፍኝ ገለፈት ነው፣ በደንብ የበሰበሰ። በዚህ አገር በገለፈት ያላማረ ተክል አለ?»

«በመሬት ላይ የለም። ውሃ ውስጥ ግን መርዝ ነው።»

ከመስኮቱ ወይዘሮ ኢሕሳን ሳቁ። «ሠላሳ ዓመት አፉን የቡና ዳኛ አድርጎ ኖረ፤ አፍንጫውን ግን እንጃ!»

አጸደ ሥሩን አወጣች፤ በጣቷ ስትጫነው እንደ ሙዝ ፈረሰ። ሌላ ደግሞ የላትም። ያለችው እናቲቱ ብቻ ናት፤ በክረምት፣ ውሃው ሲቀዘቅዝና ፀሐይ ሲጠፋ፣ እናቲቱን አትነካም። ሕጓ ነው።

«እስከ ጥቅምት ይታገሡኝ» አለች።

«ምንም አይደል ልጄ» አሉ ወይዘሮ ኢሕሳን፣ «እስከዚያ እንቁራሪቶቹን እያየሁ እቆያለሁ። አንዱ አኒስን ይመስላል።»

አጸደ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ማታውን ተኛች፤ ጧት ምላጯን አነሳች። ከእናቲቱ አውራ ጣት የምታህል ሥር ቆርጣ በሳፋ ውስጥ ተከለቻት። ሳፋውን በየሰዓቱ ፀሐይ ወዳለበት ትገፋለች። አቶ አኒስ ደግሞ ገንዳውን አራት ጊዜ ቀድተው አፈሰሱ፣ ታችኛውን በብሩሽ ፈገፈጉ፣ የአቮካዶውንም ቅርንጫፍ ቆረጡ። በነሐሴ አጋማሽ ቅርጫቱ ወደ ገንዳው ወረደ።

መስከረም በገባ በስምንተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ።

«ተከፈተች!»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አራት ሰዓት። ኢሕሳን መስኮቱ ላይ ሁለቴ ቁርስ በላች፤ አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ለአበባው።»

«ገለፈትስ?»

«ወላሂ፣ ሲኒ እንኳ ይዤ በዚያ በኩል አላልፍም!»

አጸደ ሳቀች፤ ከዚያ ዞር ብላ እናቲቱን አየች። በክረምት መቆረጥ አልተስማማትም፤ ሁለት ቅጠል ብቻ ቀርቷታል፣ ቡቃያ የለም። «አልቆጭም» ትላለች፣ «ግን ብቻዋን አልተዋትም።»

ይህን ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት እጇን በሽርጧ ጠረገችና አንድ ነገር አደራ አለችኝ፤ እንደነገረችኝ ላድርስ፦

«ከእኔ ትንሿን ቢጫ የወሰዳችሁ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ቅርጫቷ ሲጠብባት ትከፍሏት የለ? ያን ጊዜ አውራ ጣት የምታህል መልሱልኝ። በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ በላስቲክ ላኩልኝ፣ ለባጃጅ ሹፌር ብትሰጡትም ይደርሰኛል። ብቻ በጥቅምት ይሁን፤ በክረምት እንዳትቆርጧት።»