የሲትላሊ ሁለተኛ ራት

እትዬ አበዛሽ ብቻቸውን እህል አይወርድላቸውም። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ይላሉ፤ እንዲህ ናቸው በቃ፣ ምን ይደረግ! ባላቸው ካረፉ ወዲህ በሰው አገር፣ ቡሪየን ከተማ ባለች አፓርታማቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው አክሊሉ ኦበርን የሚባል ሌላ ከተማ መጋዘን ይሠራል፤ «ቢዚ ነኝ እማዬ» ከማለት በቀር ወሬ የለውም። እኔ የእህታቸው ልጅ ይርጉ ደግሞ ታክሲ ላይ ነው ውሎዬ።

ሰው የሆነቻቸው ሲትላሊ ናት፣ የጎረቤታቸው የማሪሶል ልጅ። ሜክሲኮዎች ናቸው። ማሪሶል ኤርፖርት አጽድታ እስክትመለስ ድረስ የአምስት ዓመቷን ልጅ እትዬ ይይዟታል። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ገበታ ይቀርባል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ያጎርሷታል፤ እሳቸውም አብረዋት ይበላሉ። ማታ ደግሞ እናቷ ምንም ያልቀመሰች መስሏት ሌላ ራት ታቀርብላታለች።

አንድ ቀን ማሪሶል ከክሊኒክ ወጥታ እኔን ኮል አደረገችኝ፤ የእትዬ እንግሊዝኛ ሰላምታ ላይ ነው የሚያልቀው። የልጅቷ ክብደት ከዕድሜዋ በላይ ሆኗል፣ በዚሁ ከቀጠለ ስኳር ሊይዛት ይችላል ተብላለች።

«እናቴ ከሜክሲኮ በቪዲዮ ‹ከሳች፣ አብያት› እያለች ታሳብደኛለች። ጁሱን አቆምኩ፣ ሶዳውን አቆምኩ፣ ከእናቴም ተጣላሁ። አክስትህ እምቢ ካሉ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው» አለችኝ እያለቀሰች። አንጀቴን በላችው። እውነቷን እኮ ነው!

ሄጄ ነገርኳቸው።

«ልጅ በላ ተብሎ ይከሰሳል እንዴ? መርዝ አበላኋት?»

«እትዬ ይሙቱ፣ መርዝ ማን አለ! ሁለት ራት ነው የምትበላው!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ልጅቷን ትወስድብኛለች?» አሉኝ።

«ማብላቱን ካልተዉ፣ አዎ።»

«ኦኬ» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወዲህ ጉድ ነው! ልጅቷ ስትመጣ ነጠላቸውን ደርበው ፓርክ ይዘዋት ይሄዳሉ። ጉልበታቸውን እያመማቸው ኳስ ያባርራሉ። ገበታ የሚባል ነገር ቀረ።

ሰሞኑን ማሪሶል የልጅቷ ክብደት በመስተካከሉ ሐኪሟ ደስ እንዳላት ልትነግረን መጥታ እትዬን አገላብጣ ሳመቻቸው። «እሰይ፣ እሰይ!» አሉ፣ ከልባቸው። እኔ ግን ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቶ አየሁት።

«እትዬ፣ እርስዎ ይበላሉ?»

«እበላለሁ እንጂ» ብለው ወጡን ከፍሪጅ አውጥተው አሳዩኝ። ያልተነካ ነበር።

ትናንት አመሻሽ ኤርፖርት ወረፋ ይዤ ሳለሁ ደወሉ።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ምንም አልሆንኩ። እንዲያው... ስልኩን እንዳትዘጋው ብዬ ነው። ማውራት የለብህም። እስክበላ ብቻ።»

ሲያላምጡ ይሰማኛል፣ ቀስ እያሉ። ተራዬ ደረሰ፤ ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክሱን አቀለጠው። ከወረፋው ወጣሁና ዳር ይዤ ፓርክ አደረግኩ።